ፈዋሹ መድኃኒት ነርቭ ሲነካ፦ የአንቲባዮቲኮች የጎንዮሽ ጉዳት፣ ምልክቶቹና ጥንቃቄዎቹ

ባክቴሪያን የሚገድሉ ወይም መራባቱን የሚገቱ መድኃኒቶች በተለምዶ አንቲባዮቲክ ይባላሉ። የሳንባ ምች፣ ማጅራት ገትር፣ የወሊድ ትኩሳትና የሳንባ ነቀርሳ ቀደም ባለው ዘመን ቤተሰብ ይበትኑ የነበሩ በሽታዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ ሊድኑ የቻሉት በእነዚሁ መድኃኒቶች ነው። ከሚወስዷቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከሆድ መረበሽና ከማቅለሽለሽ ያለፈ ችግር ሳይገጥማቸው ይድናሉ። በጥቂቶች ላይ ግን መድኃኒቱ ከባክቴሪያው አልፎ የነርቭ ሥርዓትን ይነካል።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ በዝግታ ይመጣል። የእግር ጣት ይደነዝዛል፤ ውስጥ እግር ሌሊት ሌሊት ያቃጥላል፤ ጆሮ ይጮኻል፤ ሲራመዱ ሚዛን ይከዳል፤ የቀለማት ልዩነት ይደበዝዛል፤ እንቅልፍ ይርቃል፤ አልፎ አልፎም ሰውየው የማይታይ ነገር ማየት፣ የማይሰማ ድምፅ መስማት ይጀምራል። በገጠር ይህ ሁሉ ለድካም፣ ለብርድ፣ ለዕድሜ ወይም ለመንፈስ ሲሰጥ ይስተዋላል። ሕሙሙ በዚህ መካከል መድኃኒቱን በራሱ ጊዜ ያቋርጣል፤ አለዚያም ዝም ብሎ ይቀጥላል። ሁለቱም መንገዶች አደገኛ ናቸው። የመጀመሪያው በሽታውን መልሶ ያመጣል፤ ሁለተኛው ሊመለስ ይችል የነበረውን ጉዳት ዘላቂ ያደርጋል። ስለዚህ የትኛው መድኃኒት የትኛውን ነርቭ እንደሚነካ ማወቅ ለሕሙማን፣ ለአስታማሚዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይጠቅማል።

መድኃኒቱ ነርቭን የሚነካባቸው መንገዶች

አንቲባዮቲኮች ነርቭን የሚጎዱበት መንገድ አንድ አይደለም። አራቱ ዋና ዋናዎች ናቸው።

አንደኛው በሰው ሕዋስ ውስጥ ኃይል በሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ በኩል ነው። ማይቶኮንድሪያ ከጥንታዊ ባክቴሪያዎች የመነጩ በመሆናቸው ፕሮቲን የሚሠሩበት ክፍል ከባክቴሪያዎች ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያን ፕሮቲን እንዳይሠራ በማገድ የሚያጠቁ አንዳንድ መድኃኒቶችም ማይቶኮንድሪያን ይጎዳሉ። ብዙ ኃይል የሚፈልጉት የዓይን ነርቭ፣ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳትና ረጃጅሞቹ የእግር ነርቮች ጉዳቱ ፈጥኖ ይታይባቸዋል።

ሁለተኛው አንጎልን በሚያረጋጋው ጋባ በተባለ ኬሚካል በኩል ነው። ይህ ኬሚካል ለአንጎል እንደ ልጓም ነው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ፣ እንዲሁም ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ በደም ውስጥ ሲበዙ ልጓሙን ያላላሉ፤ መደናገርና የሰውነት መንቀጥቀጥም ሊከተል ይችላል።

ሦስተኛው ነርቭ የሚመገበውን ቫይታሚን ማሳጣት ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ከቫይታሚን ቢ6 ጋር ተያይዞ ከሰውነት ስለሚያስወጣው ነርቭ ይራባል።

አራተኛው ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበትን መገናኛ ማዳከም ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው ጡንቻን የሚያዝል በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንደ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ መድኃኒቶችን ሲወስዱ መዋጥና መተንፈስ ሊቸግራቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስትሬፕቶማይሲንና የጆሮ ጉዳት

የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈወሰው አንቲባዮቲክ ስትሬፕቶማይሲን ነው። እ.አ.አ በ1943 በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ በአልበርት ሻትዝና በሰልማን ዋክስማን ከአፈር ባክቴሪያ ተገኘ፤ ዋክስማንም በ1952 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በብሪታንያ ተካሂዶ በ1948 የታተመው ጥናት የመድኃኒቱን ኃይል በግልጽ አሳይቷል። በስድስት ወር ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን ከተሰጣቸው 55 ሕሙማን 4 ሲሞቱ፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሕሙማን 14 ሞተዋል። ያው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ብዙዎቹ የማዞር ስሜት እንደገጠማቸውም መዝግቧል።

ማዞሩ የሚመጣው መድኃኒቱ በውስጥ ጆሮ ያሉትን ሚዛን የሚጠብቁና ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሳት ስለሚገድል ነው። በሰው ልጅ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በዚሁ ቤተሰብ ካሉት መድኃኒቶች ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ይበልጥ ሚዛንን ይጎዳሉ፤ ካናማይሲንና አሚካሲን ደግሞ በመስማት ላይ ይበረታሉ። የመስማት ጉዳቱ ከቀጫጭን ድምፆች ይጀምራል፤ የወፍ ዝማሬና የስልክ ጥሪ ይጠፋሉ። የሰው ንግግር ግን ገና ይሰማል። ሕሙሙ መስማት ማቆሙን በሚያውቅበት ጊዜ ጉዳቱ ርቆ ሄዷል። ስለዚህም መርፌው ለረጅም ጊዜ በሚሰጥበት ሕክምና ጆሮን በመሣሪያ መመርመር አስፈላጊ ነው።

በኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን የማከም ሥራ እ.አ.አ በ2009 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀምሯል። በዚያን ዘመን ሕክምናው በመላው ዓለም ለበርካታ ወራት የሚወሰድ የዚህ ቤተሰብ መርፌን ይጨምር ነበር፤ ከቲቢ ድነው መስማት የተሳናቸው ሰዎችም ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ስትሬፕቶማይሲን የሚጨመርበትን የድጋሚ ሕክምና እንዲቀር አደረገ፤ በ2019 ባወጣው መመሪያም ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ለቲቢ እንዳይሰጡ መከረ። ዛሬ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ቅድሚያ አላቸው።

ጄንታማይሲን ግን ጨቅላ ሕፃናትን ከደም መመረዝ ለማዳን ዛሬም የሚያስፈልግ መድኃኒት ነው። ለጥቂት ቀናት በትክክለኛ መጠን ሲሰጥ ጥቅሙ ከስጋቱ ይበልጣል። ልዩ ጥንቃቄ የሚሹት ከእናት የሚወረስ የማይቶኮንድሪያ የዘር ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ በጥቂት መጠንም መስማት ሊያጡ ይችላሉ። በእናት ወገን ከመርፌ በኋላ መስማት የተሳነው ዘመድ ካለ፣ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር ሌላውን ልጅ ሊያተርፍ ይችላል።

አይሶናያዚድና የሚያቃጥል እግር

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ይበዛባቸዋል ብሎ ከለያቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይሰጣሉ፤ በቀሪዎቹ አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይቀጥላሉ። ከእነዚህ መካከል ከነርቭ ጉዳት ጋር ስማቸው የሚነሣው አይሶናያዚድና ኢታምቡቶል ናቸው።

አይሶናያዚድ ከ1952 ጀምሮ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም የእግር ነርቭ ሕመም እንደሚያስከትልና ምክንያቱ የቫይታሚን ቢ6 መጓደል እንደሆነ ታወቀ። ስሜቱ በሁለቱም እግሮች ጣቶች ይጀምራል፤ ይወጋል፣ ይነዝራል፣ ያቃጥላል። ቀስ እያለ ካልሲ እንደተጠለቀ ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆይቶም እጅ ላይ ይደርሳል። በመጨረሻ ማቃጠሉ ለመደንዘዝ ቦታውን ይለቃል። ይህ ለአርሶ አደር ከባድ ነው። የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው፣ ምድጃ ዳር ሲቃጠል አያውቅም፤ ቁስሉ የሚታወቀው ካመረቀዘ በኋላ ነው።

ጉዳቱ በቀላሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ቢ6 ከአይሶናያዚድ ጋር ሲወሰድ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ አይመጣም። በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ምግብ ያነሳቸው ሰዎች፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸው፣ የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን፣ እንዲሁም መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች ቫይታሚኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊያገኙ ይገባል። ሽምብራ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ዓሣና ሥጋ ቫይታሚን ቢ6 አላቸው፤ ይሁን እንጂ ምግቡ ክኒኑን አይተካም። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ባለሙያው መጠኑን ከፍ አድርጎ ሊያዝ ይችላል። ቫይታሚኑን በራስ ፈቃድ አብዝቶ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ግን ራሱ ነርቭን ይጎዳል።

አይሶናያዚድ ከታዘዘው መጠን በብዙ እጥፍ ሲወሰድ ድንገተኛና ብርቱ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ማርከሻው በደም ሥር የሚሰጥ ቫይታሚን ቢ6 በመሆኑ ሰውየው ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። የቲቢ መድኃኒትን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ኢታምቡቶል፣ ሊኔዞሊድና የዓይን ብርሃን

ኢታምቡቶል ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። አደጋው ከመጠኑ ጋር ይጨምራል። በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 15 ሚሊ ግራም ሲሰጥ ጉዳቱ የሚደርሰው ከ100 ሰዎች ከአንድ ባነሰ ላይ ነው፤ በ25 ሚሊ ግራም ወደ 5 ወይም 6 ሰዎች ይደርሳል፤ ከ35 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ደግሞ ወደ 18 ሰዎች ያሻቅባል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በመሆኑ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በትክክለኛው መጠንም ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ቀይና አረንጓዴን መለየት አለመቻል ነው። በበርበሬ ማሳ የቀላውን ፍሬ ካልቀላው መለየት ያቃተው፣ ፊደል የደበዘዘበት ወይም በሚያየው ነገር መካከል ጥላ የተጋረደበት ሰው የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አንድ ዓይንን በእጅ ሸፍኖ በሌላው፣ ከዚያም አቀያይሮ ማየት ለውጡን ቶሎ ለማወቅ ይረዳል። አራቱ መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ክኒን ውስጥ ስለሚገኙ ሕሙሙ ኢታምቡቶልን ብቻ ለይቶ መተው አይችልም። ለይቶ የሚያቋርጠውና ቀሪውን ሕክምና የሚያስቀጥለው ባለሙያው ነው። ቶሎ ሲቋረጥ የዓይን ብርሃን በብዙዎች ላይ በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፤ ሲዘገይ ግን ላይመለስ ይችላል። የእይታ ለውጥን መናገር የማይችሉ ትንንሽ ልጆች ሲታከሙ ወላጅ ልጁ ዕቃ ሲያነሣና ሲራመድ መሳቱን መከታተል ይጠበቅበታል።

ሊኔዞሊድ የተባለው መድኃኒት የጥቅምና የጉዳት ሚዛን እንዴት እንደሚሰላ በግልጽ ያሳያል። በደቡብ አፍሪካ ብርቱ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ባለባቸው 109 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2020 በታተመው ጥናት፣ በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ሊኔዞሊድ ከቤዳኩዊሊንና ከፕሬቶማኒድ ጋር ተሰጥቶ ከ100 ሕሙማን 90 ያህሉ መልካም ውጤት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ከ100ው 81 ያህሉ የእጅና የእግር ነርቭ ሕመም ገጥሟቸዋል። በ2022 የታተመው ተከታይ ጥናት መጠኑን ወደ 600 ሚሊ ግራም ሲያወርደው የነርቭ ሕመሙ ወደ 24 በመቶ ወረደ፤ የመዳን ውጤቱ ግን 91 በመቶ ሆኖ ቀጠለ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ሦስት መድኃኒቶች በዚሁ መጠን ከሞክሲፍሎክሳሲን ጋር አጣምሮ ለስድስት ወር እንዲሰጡ መከረ። የሚዳነውን ሰው ሳይቀንሱ ጉዳቱን መቀነስ የተቻለው መጠኑን በማስተካከል ነው።

መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት ሳይክሎሰሪን ደግሞ አእምሮን ይነካል። ከፍተኛ ሐዘን፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ መጠራጠር፣ የሌለ ድምፅ መስማትና መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። እንዲህ ያለ ለውጥ በድንገት የመጣበት ሕሙም ሕክምና እንጂ ወቀሳ አያሻውም፤ ብቻውን መተውም የለበትም። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ያየውን ምልክትም ለሐኪሙ እየነገረ መጠመቅ ይችላል።

ሜትሮኒዳዞልና ተደጋጋሚው የአሜባ ሕክምና

ለአሜባ፣ ለጃርዲያና ለሌሎች የሆድና የማህፀን ኢንፌክሽኖች የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል በብዙ ቤት የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ከአምስት እስከ አሥር ቀን በሚዘልቀው የተለመደ ሕክምና የነርቭ ጉዳት እምብዛም አይታይም። ስጋቱ የሚጨምረው ከአራት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ወይም በድምሩ ከ42 ግራም ሲያልፍ ነው። ይህም በቀን ሦስት ጊዜ 500 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው በ28 ቀናት የሚደርስበት መጠን ነው።

ሆዱን ባመመው ቁጥር ሳይመረመር ከመድኃኒት መደብር የሚገዛ ሰው ሳያስበው ወደዚህ መጠን ሊጠጋ ይችላል። ጉዳቱ በእግር መደንዘዝና ማቃጠል ይጀምራል። አንዳንዴም የሰውነትን ቅንጅት የሚመራውን ትንሹን አንጎል ይነካል፤ ሕሙሙ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ አብዛኞቹ በቀናትና በሳምንታት ይሻላቸዋል፤ የእግሩ ሕመም ግን ወራት ሊቆይ ይችላል። ቲኒዳዞልም የዚሁ ቤተሰብ በመሆኑ አንዱን በሌላው መተካት መፍትሔ አይሆንም። የሚበጀው ሰገራን አስመርምሮ በእርግጥ አሜባ መኖሩን ማወቅ፣ ከዚያም ውኃን አፍልቶ ወይም አጣርቶ በመጠጣትና መጸዳጃ ቤት በመጠቀም በሽታው እንዳይመላለስ ማድረግ ነው።

የሆድ መድኃኒትን አብዝቶ መውሰድ የሚያስከትለውን መዘዝ ጃፓን በመራራ መንገድ ተምራዋለች። ክሊዮኩዊኖል የተባለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለተቅማጥና ለአሜባ በሰፊው ይሸጥ ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰዎች እግራቸው እየደነዘዘ፣ መራመድ እያቃታቸው፣ ዓይናቸውም እየጠፋ ወደ ሆስፒታል መጉረፍ ያዙ። ሕመሙ ተላላፊ ነው ተብሎ ስለታመነ ሕሙማኑ ከጎረቤት ተገለሉ። ፍንጩ የተገኘው ከምላሳቸውና ከሽንታቸው አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ቀለሙ መድኃኒቱ ከብረት ማዕድን ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው መሆኑ ተረጋገጠ። መንግሥት በመስከረም 1970 (እ.አ.አ) ሽያጩን አገደ፤ አዲስ ሕሙማን መታየታቸውም ወዲያው እጅግ ቀነሰ። በዚያ መሐል 10,000 ገደማ ሰዎች ተጎድተዋል። ሕሙማኑ ሆዳቸውን ባመማቸው ቁጥር ያንኑ መድኃኒት ይጨምሩ ስለነበር በሽታውንና መንሥኤውን ለመለየት ዓመታት ፈጅቷል።

ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቤተሰቡ

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን ፍሎሮኩዊኖሎን በሚባለው ቤተሰብ ይመደባሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ መደናገርና ማዞር ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለአስም ከሚሰጠው ቲዮፊሊን ወይም እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰዱ የመንቀጥቀጥ ስጋቱ ይጨምራል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እነዚህ መድኃኒቶች የሚያስከትሉት የእጅና የእግር ነርቭ ጉዳት በፍጥነት ሊጀምርና ዘላቂ ሊሆን እንደሚችል በ2013 አስጠንቅቋል። በ2016 ደግሞ ሌላ አማራጭ ባለበት ጊዜ ለቀላል የሽንት ቧንቧ፣ የሳይነስና የብሮንካይት ኢንፌክሽኖች እንዳይታዘዙ አሳሰበ፤ በ2018 የአእምሮ ጤና ጉዳቶችን የሚመለከተውን ማስጠንቀቂያ አጠናከረ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2018 ተመሳሳይ ገደብ እንዲጣል መክሯል። ገደቡ መድኃኒቶቹ ለከባድ ኢንፌክሽንና መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ያላቸውን ዋጋ አይሽርም፤ ለቀላል ሕመም ተብሎ ያለ ትእዛዝ መግዛትን ግን ምክንያት ያሳጣዋል።

ፔኒሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶንና የኩላሊት አቅም

ፔኒሲሊን በተለመደው መጠን ለነርቭ አስጊ አይደለም። በደም ሥር በብዛት ሲሰጥ፣ በተለይም ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ፣ የጡንቻ መፈናጠርና መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የዚሁ ዘመድ የሆኑት ሴፌፒምና፣ አልፎ አልፎም ሴፍትሪያክሶን፣ የኩላሊት ሕመምተኛን ሊያደናግሩት ይችላሉ። ሴፌፒም ሰውነት ሳይንቀጠቀጥ አንጎል ውስጥ ብቻ የሚቀጥል የሚጥል ሕመም ማስከተሉ ታውቆ በ2012 በአሜሪካ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። እየታከመ ሳለ ያለ ምክንያት የፈዘዘ፣ የተደናገረ ወይም መናገር ያቆመ ሕመምተኛን አስታማሚ «ተኝቷል» ብሎ ማለፍ የለበትም።

አንዳንዴ ጉዳቱ የሚደርሰው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከአወጋጉ ነው። በመቀመጫ በኩል ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ በመርፌ ሲነካ ወዲያው እግር ይዝላል፤ ሲራመዱም የእግር ጫፍ መሬት ይጎትታል። ለሕፃናት የተሻለው የመወጊያ ቦታ የጭን ፊተኛ ውጫዊ ጎን ነው። በየመንደሩ ባልሠለጠነ ሰው እጅ መርፌ መወጋት ልጅን ለዕድሜ ልክ አንካሳነት ሊዳርግ ይችላል።

በሌላ በኩል ዶክሲሳይክሊንና ሌሎች የቴትራሳይክሊን ዘመዶች በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት በመጨመር ብርቱ ራስ ምታትና የእይታ መደብዘዝ የሚያስከትሉባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ለትራኮማ በዘመቻ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን ግን በዚህ ሊያስፈራ አይገባም። ከእርሱ ጋር የተያያዘው የመስማት ችግር በዋናነት የታየው መድኃኒቱን በብዛትና ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ በዘመቻው የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የእንስሳት መድኃኒት ለሰው አይሆንም

ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ሕክምና ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ እንዲሁም ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀሉበት መርፌ በስፋት ይሠራባቸዋል። መጠናቸው የተቀመረው በእንስሳው ዓይነትና ክብደት ነው። ከከብት ሕክምና የተረፈን መድኃኒት ለሰው መስጠት የመጠኑን ስሌት ከማፋለሱም በላይ ስትሬፕቶማይሲን ያለበት ከሆነ ጆሮን ለአደጋ ያጋልጣል። የታከመች ላም ወተትም በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን ሳያልፍ ለቤተሰብ ወይም ለገበያ መቅረብ የለበትም። በወተት የሚቀረው ጥቂት መድኃኒት ነርቭ ለመጉዳት ባይደርስም አለርጂ ሊቀሰቅስና ባክቴሪያዎች መድኃኒት እንዲላመዱ ሊያግዝ ይችላል።

ምልክት ሲታይ ምን ይደረግ?

መድኃኒት ከመጀመር በፊት ለባለሙያው መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ የኩላሊት ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር በሽታ፣ እርግዝና፣ ቀድሞ የነበረ የእግር መደንዘዝ፣ የዓይን ወይም የጆሮ ችግር፣ ጡንቻ የሚያዝል በሽታ፣ በቤት ውስጥ የሚወሰድ ማንኛውም ሌላ መድኃኒት፣ እንዲሁም የአረቄና የጠላ ልማድ። አረጋውያን የኩላሊት አቅማቸው ከዕድሜ ጋር ስለሚቀንስ መጠኑ እንዲስተካከልላቸው መጠየቅ ይችላሉ።

መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ ድንገተኛ የአእምሮ መናወጥ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ የእይታ መቀነስ፣ የመተንፈስ ወይም የመዋጥ ችግር የታየበት ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። የጆሮ መጮኽ፣ ማዞር፣ የእግር ማቃጠልና መደንዘዝ የታየበት ደግሞ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ፣ ቢቻል በማግሥቱ፣ ሄዶ መታየት አለበት። ሲሄድ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ፣ የጀመረበትን ቀንና ምልክቱ የታየበትን ቀን አስታውሶ ቢቀርብ ባለሙያው መንሥኤውን በቀላሉ ይለያል።

የቲቢ ሕሙማን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የስድስት ወሩን ሕክምና በመሐል ማቋረጥ በሽታውን መድኃኒት የማይበግረው ሊያደርገው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚሰጡት ሊኔዞሊድና ሳይክሎሰሪን ደግሞ በነርቭና በአእምሮ ላይ ከመጀመሪያዎቹ የበረቱ ናቸው። የእግር ማቃጠልን ሸሽቶ መድኃኒት የጣለ ሰው ብርቱ የነርቭ ሕመም ወደሚያመጣው ሕክምና ሊገባ ይችላል ማለት ነው፤ በዚያ መሐል በሽታው ወደ ቤተሰቡም ይተላለፋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ያቃጠለውን እግር ለሚያሳይ ሰው ግን መልሱ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ክኒን ነው።

የጤና ባለሙያዎችም የጎንዮሽ ጉዳት ሲያጋጥማቸው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በተዘጋጀው ቢጫ ቅጽ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። በጃፓን የመጨረሻው መልስ የተገኘው ምልክቶች ተመዝግበው አንድ ላይ ሲታዩ ነበር፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ተራ የሚመስል ምልክትም ከሌሎች ጋር ሲደመር የመድኃኒቱን ወይም የማከማቻውን ችግር ሊያጋልጥ ይችላል። ለሕሙሙ ደግሞ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጣት ላይ የተሰማችውን ትንሽ ንዝረት በጊዜ መናገር እግርን፣ ዓይንንና ጆሮን ያተርፋል፤ የተጀመረውንም ሕክምና ለፍጻሜ ያበቃል።